ስም የሚጽፍና ስም የሚያውቅ

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ ወረቀት ደረሰን። ወረቀቱ እንደሚለው ከሚመጣው የትምህርት ዘመን ዠምሮ ለአዲስ ገቢዎች ከየመኝታ ሕንፃው የተማሪ መሪዎች ይመረጣሉ። መሪዎቹም አዲሶቹን ይቀበላሉ፣ ግቢውን ያሳያሉ፣ በጥናት ይረዳሉ፣ ጠብ ሲነሣ ያበርዳሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነው፤ እኛም ደስ ብሎናል። ነገር ግን በወረቀቱ ግርጌ አንድ ሠንጠረዥ አለ። በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ «ተራ ቍጥር»፣ በሁለተኛው «የአጥፊው ስም»፣ በሦስተኛው «የጥፋቱ ዓይነት» የሚል ተጽፏል። መሪው ይህን እየሞላ በየሳምንቱ ዓርብ እንዲያስረክብ ታስቧል። ለመሪነትም የሚታጨው አማካይ ውጤቱ ከ3.5 ያላነሰ፣ በሥነ ሥርዓት ጕድለትም ስሙ ያልተነሣ ተማሪ ብቻ ነው ይላል።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሦስት ነን። ከአንድ የወረዳ ከተማ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት፣ ከአንድ ክፍልም የመጣን ነን። ሦስታችንም ለዚህ ሥራ ተጠይቀናል። ወረቀቱን ይዘን በተቀመጥን ጊዜ ግን ሦስታችንም ሳንነጋገር ያስታወስነው ሌላ ወረቀት ነበር። የእርሱን ታሪክ ሳንናገር ስለዚህኛው ብንፈርድ ፍርዳችን ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ አስቀድመን ጥፋታችንን እንናገር።

በ2010 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ነበርን። በክፍላችን 74 ተማሪዎች ነበርን፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ የክፍሉ አለቃ ነበረ፤ ሁለተኛው ምክትሉ ነበረ፤ ሦስተኛው ምንም ሹመት አልነበረውም፤ ነገር ግን ከአለቃው ጋራ በአንድ ዴስክ ይቀመጥ ነበር። ማን የትኛው እንደ ነበረ አንናገርም፤ ሥራውን የሠራነው በአንድነት ስለ ሆነ መለያየቱ አይረባም።

የአለቃን ወረቀት የማያውቅ የኢትዮጵያ ተማሪ ያለ አይመስለንም። መምህር በዘገየ ወይም በቀረ ጊዜ አለቃው ከደብተሩ መካከል አንድ ቅጠል ይገነጥላል፤ ከላይ «የረባሾች ስም ዝርዝር» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያም ሰሌዳው አጠገብ ይቆማል። የተናገረ ይጻፋል። ደግሞ የተናገረ በስሙ ፊት ኤክስ ይደረግበታል። ኤክሱ በበዛ ቍጥር ቅጣቱ ይበዛል። መምህሩ ሲመጣ ወረቀቱን ይቀበላል፤ የተጻፉትን ይጠራል፤ ይቀጣል፤ ወረቀቱን ይቀዳል። ማንም «እውነት ነውን?» ብሎ አይጠይቅም። ወረቀት መቼ ዋሽቶ ያውቃል!

ነገር ግን የእኛ ወረቀት ይዋሽ ነበር። እንዴት እንደሚዋሽም እንናገራለን። የሥጋ ቤቱን ልጅ አንጽፍም ነበር፤ ክንዱ ከእኛ ክንድ ይበልጥ ስለ ነበረ። የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ የምታስቀዳንን ልጅ አንጽፍም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ በአንድ መንገድ የሚሄዱትን አንጽፍም ነበር፤ መንገዱ ረጅም ነው። ሸንኮራና ቆሎ የሚያካፍሉንን ጽፈን እንሰርዝ ነበር። እነዚህ ሁሉ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ማን ነው? የሚቀረው ጠበቃ የሌለው ነው። ስለዚህ ያ ዝርዝር ብዙ የሚረብሹ ልጆች ዝርዝር አልነበረም፤ ስማቸው ቢጻፍ ማንም የማይቈጣላቸው ልጆች ዝርዝር ነበር። ይህን የተረዳነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሥርዓት የምናስከብር ይመስለን ነበር።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረ። ማታ ማታ በወፍጮ ቤት እየሠራ እናቱን ይረዳ ነበር፤ አባቱ ሞቷል። ጠዋት ሲመጣ ዱቄቱ ከፀጕሩና ከቅንድቡ አይጠፋም ነበር፤ እኛም በዚሁ ቅጽል ስም አውጥተንለት ነበር። በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይይዘዋል፤ አጠገቡ ያለው ልጅ ሊቀሰቅሰው ሲጎሽመው ይንጫጫሉ፤ በዚህም ስሙ ይጻፋል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ስሙን ከሁሉ በፊት መጻፍ ልማድ ሆነብን። ወረቀቱን ገና ስንገነጥል የመጀመሪያው መስመር የእርሱ ነበር።

አንድ ማክሰኞ በገበያው ማግሥት ወፍጮ ቤቱ ሥራ በዝቶበት ልጁ ሳይመጣ ቀረ። የሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መምህር ዘገየ። እኛም እንደ ልማዳችን ጻፍን። በስሙ ፊት ኤክስ አደረግንበት፤ ሌሎቹም ስሞች ሲጨመሩ ሌላ ኤክስ ደረብንበት። መምህሩ ገብቶ ስሙን በጠራ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የሳቀው ልጁ እንደሌለ ሁሉም ያውቅ ስለ ነበረ ነው። መምህሩ ግን ሳቁን በሌላ ተረጐመው፤ ከኋላ አንዱ «ሸሽቶ ነው» አለ። ከሰባ ሦስታችን መካከል «ዛሬ አልመጣም፤ ስሙ የተጻፈው በስሕተት ነው» የሚል አንድ እንኳ አልተገኘም። እኛም ወረቀቱን የጻፍነው ዝም አልን።

በማግሥቱ ልጁ ሲመጣ በጠጠር ላይ ተንበረከከ፤ በአርጩሜም ተገረፈ። ምን እንዳደረገ አያውቅም ነበርና «ምን አደረግሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ይህም እንደ ድፍረት ተቈጥሮበት ወላጅ ሳያመጣ እንዳይገባ ተነገረው። እናቱ በርበሬ እየቸረቸረች የምትኖር ሴት ናት፤ አንድ ቀን ከገበያ ብትቀር የዚያን ቀን እንጀራ ታጣለች። ልጁም ወላጅ አላመጣም፤ እርሱም ተመልሶ አልመጣም። በዚያው ዓመት በሥነ ዜጋ ትምህርት ስለ ሕፃናት መብት እንማር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን በትምህርት ቤት በአካሉ ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኛም ሕጉ የሚከለክለው ነገር በክፍላችን ሲፈጸም አይተን፣ እጃችንንም አስገብተን፣ በሥነ ዜጋ ፈተና ጥሩ ውጤት አገኘን።

መቼም አንድ ሰው «ይህ የልጅነት ነገር ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ጕዳይ ጋራ ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። የሚያገናኘው ይህ ነው። በተማሪ ላይ ተማሪን መሾም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁለት ዓይነት መንገድም አለው፤ የትኛውን መንገድ እንደምንይዝ ግን ከመዠመራችን በፊት መወሰን አለብን።

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከጥንት ዠምሮ ተማሪ ተማሪን ሲያስተምር ኖሯል። አንድ የኔታ ብቻውን ለሁሉ አይደርስም። ስለዚህ ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቈጥረው ያስቈጥራል፤ ቅኔ ቤትም የገፋው ለጀማሪው ያስረዳል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ ለምኖ የመጣውን ከባልንጀራው ጋራ ይበላል፤ አዲስ የመጣውንም ጎጆ እስኪቀልስ ድረስ ያስጠጋዋል። በዚያ ቤት ግርፋት አልነበረም አንልም፤ ነበረ። ነገር ግን ታላቁ ታናሹን የሚያውቀው አብሮት ስለሚበላና አብሮት ስለሚያድር ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጆሴፍ ላንካስተር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1798 በለንደን ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። አንድ መምህር በመቶ የሚቈጠሩትን ልጆች እንዲያስተምር፣ ትልልቆቹን ልጆች አለቃ አድርጎ ታናናሾቹን በየረድፉ አስያዛቸው። ይህ ዘዴ ብዙ ደኻ ልጆችን ማንበብ አስተምሯልና ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ላንካስተር ዱላን አልወድም እያለ በዱላ ፈንታ ማሳፈርን አመጣ። ጥፋተኛ የተባለውን ልጅ አንገቱ ላይ ግንድ ያንጠለጥሉበት ነበር፤ በቅርጫት አድርገውም ከጣራ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ልጁን ለዚህ ቅጣት የሚያቀርበው ማን ነው? የረድፉ አለቃ፣ ባልንጀራው ነው። የእኛ የረባሾች ወረቀት የዚህ ዘመድ ነው ብንል አንሳሳትም።

በቅርቡም ዘመን በአገራችን ትምህርት ቤቶች «አንድ ለአምስት» የሚሉት አደረጃጀት ነበረ። አሳቡ ጐበዙ ደካማውን እንዲያነሣ ነበር፤ አሳቡን አንነቅፍም። በእኛ ክፍል ግን መሪ የሚሆነው በውጤት አንደኛ የወጣው ነበር፤ የሚጠየቀውም ረድቶ እንደ ሆነ ሳይሆን ቅጹን ሞልቶ እንደ ሆነ ነበር። ስለዚህ የወሩን ስብሰባ ሁሉ በወሩ መጨረሻ በአንድ እስክሪብቶ ጽፈን፣ የአምስቱን ፊርማ አንዳችን እንፈርም ነበር። ወረቀት የሚፈልግ ወረቀት ያገኛል፤ ከዚያ በላይ አያገኝም።

በሌላ አገር ነገሩን በብርቱ የመረመሩት ሰዎች ምን እንዳገኙ እንመልከት። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ተመራማሪዎች በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ልጅ ልጅን ሲያጠቃ በካሜራ እየቀረጹ አጠኑ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ። ከ100 ጥቃት በ88ቱ ሌሎች ልጆች ቆመው ያዩ ነበር። ከ100 በ19ኙ ብቻ አንድ ልጅ መካከል ገባ። መካከል በገባ ጊዜ ግን ከግማሽ በሚበልጠው፣ ይኸውም ከ100 በ57ቱ፣ ጥቃቱ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆመ። ይህን ቍጥር ባነበብን ጊዜ ያን ማክሰኞ አስታወስን። አሥር ሴኮንድ! «ዛሬ አልመጣም» ለማለት አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

ሁለተኛው ጥናት ይልቁንም ለእኛ ጕዳይ የሚጠቅም ነው። በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 በተዠመረው የትምህርት ዘመን ኤልዛቤት ፓሉክ የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ምሁርና ጓደኞቻቸው በ56 መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ሥራ ዠመሩ። ተማሪዎቹ ከ24,000 ይበልጡ ነበር። ተማሪውን ሁሉ «በዚህ ሰሞን ጊዜህን ከማን ጋራ ማሳለፍ መረጥህ?» ብለው ጠየቁና ማን ማንን እንደሚያይ ካርታ አወጡ። ከዚያም በዕጣ ግማሾቹን ትምህርት ቤቶች ለሥራው መረጡ፤ በእነዚያም ውስጥ ከ20 እስከ 32 የሚሆኑ ተማሪዎችን እንዲሁ በዕጣ መረጡ። ለተመረጡት የተሰጣቸው የጥፋተኛ መዝገብ አልነበረም። «በትምህርት ቤታችሁ የሚያጣላችሁ ምንድን ነው?» ተብለው ተጠየቁ፤ መፍትሔውንም ራሳቸው አሰቡ። ማስታወቂያ ሠርተው ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አደረጉበት፤ ለባልንጀራው መልካም ሲያደርግ ላዩት ልጅ የእጅ አምባር ይሰጡ ነበር። ዓመቱ ሲፈጸም በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ስለ ጠብ የተጻፈው የቅጣት ሪፖርት ከሌሎቹ ጋራ ሲነጻጸር 30 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከተመረጡትም መካከል ሌሎች ልጆች ዓይናቸውን የሚጥሉባቸው በበዙበት ስፍራ ለውጡ ይበልጥ ነበር። እነዚህ ልጆች ደግሞ መምህራን የሚያመሰግኗቸው ጨዋ ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ጠብ የሚወዱ ነበሩ።

በፊንላንድም አገር የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ዠምሮ ያዘጋጀው «ኪቫ» የተባለ ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ አንድ ልጅ በተጠቃ ጊዜ መምህሩ አጥቂዎቹን ብቻ አይጠራም፤ ከዚያው ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ወይም አራት ልጆችን ለብቻ ጠርቶ «ይህ ባልንጀራችሁ ብቻውን እንዳይሆን ምን ታደርጉለታላችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ጥያቄው ማን አጠፋ ከሚለው ወደ ማን አጠገቡ ይቀመጥ ወደሚለው ይዞራል ማለት ነው።

እንግዲህ ከመጽሐፍ ወደ ግቢያችን እንመለስ። እኛ ሦስታችን በ2016 ዓ.ም. ወደዚህ ስንመጣ አውቶቡሱ የደረሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነበር። የዚህን አገር ቋንቋ አናውቅም፤ ዝናብም ይጥል ነበር። በመናኸሪያው ካርቶን ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ጽፈው የሚጠብቁ ጥቂት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አገኘን። አንደኛው ሻንጣችንን ተሸክሞ ስማችንን ጠየቀን። በማግሥቱ ቁርስ ቤት ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለን ይኸው ሰው ከሩቅ ሦስታችንንም በየስማችን ጠራን። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከቤቱ 700 ኪሎ ሜትር ርቆ ለመዠመሪያ ጊዜ ያደረ ሰው ስሙን ሲጠሩት ምን እንደሚሰማው አንባቢው ራሱ ያውቃል። ያ ተማሪ ሹመት አልነበረውም። ውጤቱም መካከለኛ እንደ ነበረ እርሱ ራሱ ይነግረን ነበር። በሕንፃው ውስጥ ግን የታመመ፣ ገንዘብ ያለቀበት፣ ከእናቱ ክፉ ወሬ የመጣበት ሁሉ የሚሄደው ወደ እርሱ ክፍል ነበር።

በዚያው ዓመት በጥር ወር አንድ ሌሊት በሕንፃችን ስልክ ጠፋ ተባለ። ባለስልኩ ከአንድ አገር፣ ተጠርጣሪ የተባለው ልጅ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የስልኩ ነገር ተረሳና «እነዚህ ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው» የሚል ነገር መጣ። መተላለፊያው በሰው ተሞላ፤ አንዳንዱ የአልጋ ብረት ይዞ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ሸሽተዋል። ያን ሌሊት እኛ ከክፍላችን በር ላይ ቆመን ከቶ ምን እናደርግ እንደ ነበረ ብንጠየቅ፣ እንደ ገና ዝም ብለን እናይ ነበር።

ያ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን በሰው መካከል እየተጋፋ መጣ። አልጮኸም። «ስልኩን ሲወስድ ያየ ማን ነው?» አለ። ማንም አላየም። ከዚያም ተጠርጣሪውን ልጅ በስሙና በአባቱ ስም ጠርቶ፣ «ይህ ልጅ ከአንድ ሰዓት ዠምሮ እስካሁን ከእኔ ጋራ ቤተ መጻሕፍት ሒሳብ ሲያጠና ነበር፤ እዚህ አልነበረም» አለ። ቀጥሎም ባለስልኩን እንዲሁ በስሙ ጠርቶ «ና፣ ዛሬ የሄድህበትን ሁሉ አብረን እንሂድበት» አለው። ብረት የያዙት ብረቱን ወደ አልጋው መለሱ። በማግሥቱ ስልኩ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ኮፒ ቤት ተገኘ፤ ባለቤቱ ራሱ ቻርጅ እንዲያደርጉለት ትቶት ረስቶት ነበር።

«እዚህ አልነበረም።» እኛ ሰባተኛ ክፍል ሳለን ልንናገረው ያልቻልነው ቃል ይህ ነበር። እርሱ ሊናገረው የቻለው ልጁን ስለሚያውቅ ነው። አጥፊ የሚጽፍበት ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው ቢሆን ኖሮ ልጁ ከእርሱ ጋራ ባልተቀመጠ ነበር፤ ባልተቀመጠም ኖሮ ማንም ምስክር ባልሆነው ነበር። የተማሪ መሪነት ጥቅሙ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀን ከዚህ የበለጠ መልስ የለንም።

ስለዚህ ለኅብረቱ የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

በመዠመሪያ የስም ዝርዝሩ ሠንጠረዥ ይቅር። ግቢው ጥበቃ አለው፤ ዲን አለው፤ የሥነ ሥርዓት ደንብ አለው። ወንጀል የሠራ ሰው በእነዚህ በኩል ይጠየቅ። የተማሪ መሪ የጥበቃ ረዳት ከሆነ ግን አዲስ ገቢው ችግሩን ከመንገር ይልቅ ይሸሽገዋል፤ የተሸሸገ ችግር ደግሞ የሚወጣው በመተላለፊያው ላይ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ መሪዎች በውጤት ብቻ አይመረጡ። የሕንፃው ተማሪ ሁሉ በትንሽ ወረቀት «ቢቸግርህ ወደ ማን ትሄዳለህ?» ተብሎ በምስጢር ይጠየቅ፤ በወረቀቱ ስማቸው የተደጋገመው ሰዎች ይጠሩ። ከእነዚያ መካከል ኅብረቱ የማይወዳቸው ቢገኙ አይደነቅ። ሰው የሚሰማው ጨዋውን ብቻ አይደለም፤ የሚሰማውን ሰው ወደ መልካም ሥራ ካልጠራነው ሌላ ሰው ወደ ሌላ ሥራ ይጠራዋል። በሴቶች ሕንፃ ያሉት የራሳቸውን ይምረጡ፤ በእነርሱ ሕንፃ ያለውን ችግር እኛ ከውጭ ሆነን አናውቀውም።

በሦስተኛ ደረጃ መሪዎች ጥንድ ጥንድ ይሁኑ፤ ጥንዱም ከአንድ አገርና ከአንድ ቋንቋ የመጣ አይሁን። አንዳንድ ሰዎች «እንዲህ ያለው ሥራ በመጨረሻ የየብሔሩን አለቃ ይፈጥራል» ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ እኛም እንፈራለን። መድኃኒቱ ሥራውን መተው ሳይሆን ማንም ብቻውን የወገኑ አለቃ እንዳይሆን ማድረግ ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለምን?

በአራተኛ ደረጃ ድንበሩ ይታወቅ። የተማሪ መሪ ሐኪም አይደለም፤ ዳኛም አይደለም። ባልንጀራው ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ ከሰማ፣ ወይም አንዲት ተማሪ መደፈሯን ከነገረችው፣ ነገሩን በራሱ ልያዝ ቢል ይበድላል። የግቢው ክሊኒክና የምክር አገልግሎት የት እንዳለ፣ ማታስ ማን እንደሚጠራ አስቀድሞ ይማር፤ እስከ በሩም አብሮ ይሂድ። ይህን ሳያስተምሩ መሪ ብሎ መሾም ዋና የማይችለውን ሰው ወንዝ አሻግር ማለት ነው።

«እንግዲህ ሪፖርት ከሌለ ሥራው መሠራቱ በምን ይታወቃል?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መታወቂያው ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ገቢውን መጠየቅ ነው። «በሕንፃህ ውስጥ ስምህን የሚያውቁ ስንት ሰዎች አሉ? አንድ ሰሞን ከአልጋህ ባትነሣ ማን ያንኳኳል?» ይባል። መልሱ «ማንም» ከሆነ ሥራው አልተሠራም፤ በዓርብ የተሰበሰበው ወረቀት ጣራ ቢነካም።

ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ከተማችን እንመለስና እናብቃ። ባለፈው ክረምት የአንዳችን እናት ጤፍ ልታስፈጭ ላከችን። ሦስታችን ኩንታሉን ይዘን ወፍጮ ቤት ስንደርስ ሚዛኑ ላይ የቆመው ያ ልጅ ነበር። አሁን ሙሉ ሰው ሆኗል። ቅንድቡ ግን እንደ ድሮው ነጭ ነው። ሦስታችንንም ከነአባታችን ስም ጠራን። ጤፉን መዘነ፤ ሒሳቡን ነገረን። ከዚያም ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሣ «ያን ማክሰኞ እኮ አልነበርኩም» አለ።

«እናውቃለን» አልነው።

«እንደምታውቁ አውቃለሁ» አለ፤ «የገረመኝም እሱ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅነው። «ተዉት እስቲ፣ ልጆች ነበርን» አለ። ነገር ግን ልጆች የነበርነው እኛ ነን፤ እርሱ ያን ጊዜም ቤት ያስተዳድር ነበር። ምን እናድርግልህ ብለን ብንጠይቀው፣ የማታ ትምህርት ሊገባ አስቦ የስድስተኛ ክፍል ውጤቱን የሚያወጣለት እንዳጣ ነገረን፤ ቀን ከወፍጮው መለየት አይችልም። በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቧራውን አራግፎ የ2010 ዓ.ም. መዝገብ አወጣልን። በስሙ ፊት «አቋርጧል» የሚል አንድ ቃል ነበረ። ማን እንዳስቋረጠው መዝገቡ አይናገርም፤ መዝገብ እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም። የስድስተኛ ክፍል ውጤቱን አስገልብጠን አመጣንለት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል በማታ ገብቷል። ይህ ዕዳችንን ከፈለ አንልም፤ የጠፉትን ዓመታት ማንም አይመልስለትም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። ሌላው ሰው ስማችንን እንዴት እንደያዘው ግን በሕይወት ሳለንም ብዙ ነገር ያደርገናል። ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት የተላከልንን ወረቀት መልሰናል። የመሪነቱን ሥራ ተቀብለናል፤ «የአጥፊው ስም» የሚለውን ዓምድ ግን ባዶ ትተነዋል፤ ወደ ፊትም አንሞላውም። በዚህ ምክንያት ከሥራው ብንሰናበት ቅር አይለንም፤ አውቶቡስ በመጣ ቍጥር መናኸሪያ ሄደን ሻንጣ ለመሸከም የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም። ነገሩ በሚመጣው ቅዳሜ በጠቅላላ ስብሰባ ይመከርበታልና፣ እያንዳንዱ ተማሪ መጥቶ አሳቡን እንዲሰጥ በትሕትና እንለምናለን። ሲመጣም ከጎኑ የሚተኛውን ባልንጀራ ስሙን ጠርቶ ይዞት ይምጣ።